የቦርዱ ሥልጣን እስከ ምን ድረስ ነው?

በሰሜን ቨርጂኒያ ታውንሃውስ የሚገዛ ወገናችን ከሞርጌጁ ሌላ ብዙ ጊዜ አንድ ተጨማሪ ክፍያ ይጠብቀዋል፤ የቤት ባለቤቶች ማኅበር መዋጮ። ሁሉም በአጭሩ «ኤች ኦ ኤ» ይለዋል። ማኅበሩ በረዶ ያስጠርጋል፣ ሣር ያሳጭዳል። የበር ቀለምም ይወስናል፣ የአጥር ቁመት ይለካል፣ ይቀጣል። የቅጣት ደብዳቤ ሲመጣ ብዙዎች የመንግሥት ትእዛዝ የደረሳቸው ያህል ደንግጠው ይከፍላሉ። እኔን የሚቆጨኝ መክፈላቸው ሳይሆን ሳይጠይቁ መክፈላቸው ነው።

ማኅበሩ መንግሥት አይደለም። ሥልጣኑ የሚመነጨው አልሚው ቤቶቹን ከመሸጡ በፊት በካውንቲው መዝገብ ካስመዘገበው ሰነድ ነው፤ ዲክላሬሽን ይባላል። ቤቱን የገዛ ሰው አነበበውም አላነበበውም ይገዛበታል። ከሱ በታች መተዳደሪያ ደንብ አለ፤ ከሁሉም በታች ደግሞ የማኅበሩ ቦርድ ተሰብስቦ የሚያወጣው መመሪያ። አገር ቤት መመሪያ ከአዋጅ በላይ እንደማይሆን ሁሉ፣ የቦርድ መመሪያም ዲክላሬሽኑን መጻረር አይችልም። ዲክላሬሽኑም ቢሆን ከስቴትና ከፌዴራል ሕግ በታች ነው።

ልዩነቱ ምን ያህል እንደሚያመዝን እ.ኤ.አ. በ1981 ፍሎሪዳ ውስጥ የተወሰነ አንድ ክስ ያሳያል። ባልና ሚስት በግቢያቸው የውኃ ጉድጓድ ለመቆፈር ፈቃድ ቢጠይቁ ቦርዱ ከለከላቸው። የከርሰ ምድሩ ውኃ ጨው ይበዛበታል፣ የእግረኛ መንገዱ ይበላሻል፣ ሌላውም ጎረቤት ተነሥቶ ይቆፍራል የሚል ሥጋት ነበረው። እነሱ ግን ቆፈሩ፤ ማኅበሩም ከሰሳቸው። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት እንዲህ ለየው፦ በዲክላሬሽኑ የሰፈረ ገደብ ገዢው እያወቀ የገባበት ስለሆነ በቀላሉ አይሻርም፤ ቦርዱ በራሱ ውሳኔ ሲከለክል ግን ክልከላው ምክንያታዊ መሆኑን ማሳየት አለበት። ቦርዱ ሥጋቱን በማስረጃ ማስደገፍ ስላልቻለ ተረታ።

እኛን በቅርብ የሚነካን ደግሞ የዲሽ ጉዳይ ነው። የአገር ቤት ጣቢያ ለማየት ዲሽ የሰቀለ ሰው «አውርድ» የሚል ደብዳቤ ሊደርሰው ይችላል። የፌዴራሉ የመገናኛ ኮሚሽን ግን ኮንግረስ በ1996 ባወጣው ሕግ መሠረት፣ ስፋቱ 1 ሜትር ወይም ከዚያ በታች የሆነ ዲሽ እንዳይከለከል ደንግጓል። ቦርዱ ተከላውን ያለ አግባብ ማዘግየት፣ ወጪውን ማናር ወይም ምስሉ በጥራት እንዳይገባ ማድረግ አይችልም፤ ክልከላው ዲክላሬሽኑ ውስጥ ቢጻፍ እንኳ አይጸናም። መብቱ የሚሠራው ግን ነዋሪው ብቻውን በሚጠቀምበት ስፍራ፣ ማለትም በራሱ ጣሪያ፣ በረንዳ ወይም ጓሮ ነው። በጋራ ጣሪያ ላይ ቦርዱ አይሆንም ማለት ይችላል፤ ለደኅንነት ሲባል የሚወጣ ገደብም ተቀባይነት አለው። የአሜሪካን ባንዲራ መስቀልም በ2006 በወጣ የፌዴራል ሕግ የተጠበቀ ነው። በዘር ወይም በሃይማኖት የሚያገል ደንብ ደግሞ ከናካቴው አይታሰብም።

ቅጣት ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ፌርፋክስ ካውንቲ ውስጥ አንድ ቤተሰብ በ2008ቱ ምርጫ ግቢው ውስጥ የኦባማን ምልክት ተከለ፤ ቁመቱ ከተፈቀደው በ4 ኢንች በለጠ። ለሁለት ቆርጠው ጎን ለጎን ተከሉት። ጭቅጭቁ ፍርድ ቤት ሲደርስ ዲክላሬሽኑ ለቦርዱ የመቅጣት ሥልጣን እንዳልሰጠው ታወቀ፤ ቦርዱ ያንን ሥልጣን በራሱ ውሳኔ ለራሱ መስጠት አይችልም ተባለ። ማኅበሩ በሙግቱ ወጪ ከስሮ የኪሳራ ማመልከቻ አስገባ። ዕዳው የወደቀው በጎረቤቶቹ ሁሉ ላይ ነው፤ መዋጮው የእነሱ ነውና።

የመቅጣት ሥልጣን ባለበትም ቦታ የቨርጂኒያ ሕግ ልክ አበጅቶለታል። ለአንድ ጊዜ ጥፋት ከ50 ዶላር፣ ለሚቀጥል ጥፋት በቀን ከ10 ዶላር አይበልጥም፤ እሱም እስከ 90 ቀን ብቻ። ከቅጣቱ በፊት ባለቤቱ ጥፋቱን የሚያርምበት ጊዜ ሊሰጠውና ቦርዱ ፊት ሊሰማ ይገባል። የቀጠሮው ማስታወቂያ ቢያንስ ከ14 ቀን በፊት በእጁ ወይም በአደራ ደብዳቤ ይድረሰው ይላል ሕጉ፤ ጠበቃ ይዞ የመቅረብ መብትም አለው።