የዕድሜ ጠገብ ቬስፓ የፊት ክፍል ጥገናና የግራሶ አሰጣጥ

ፒያጆ የተባለው የጣሊያን ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1946 ለገበያ ያቀረበው ቬስፓ ስኩተር በቀደምት ሞዴሎቹ ዛሬም ያገለግላል። የሞተር ብልሽት ወዲያው ስለሚታወቅ ባለንብረቱ ፈጥኖ ያስጠግነዋል፤ የፊት ክፍል ግን ቀስ በቀስ የሚያረጅ በመሆኑ ጉዳቱ ሳይስተዋል ይቆያል። መሪውን፣ የፊት ፍሬኑንና የፊት ጎማውን የሚያያይዘው ይኸው ክፍል ስለሆነ፣ ቸልታው የአሽከርካሪውንም የእግረኛውንም ሕይወት ለአደጋ ያጋልጣል።

የፊት ክፍሉ አሠራር

የቬስፓ ንድፍ አውጪ ኮራዲኖ ዳስካኒዮ የአውሮፕላን መሐንዲስ ነበር። የፊት ጎማው በሁለት ዘንጎች መካከል ሳይሆን በአንድ ወገን ብቻ የተያዘ ነው። በመሪው ቱቦ የታችኛው ጫፍ ላይ አጭር ተወዛዋዥ ክንድ በፒን ተያይዟል፤ ጎማው በዚህ ክንድ ላይ ይሽከረከራል፤ የመንገዱንም ንዝረት ሞላው ይቀበላል። በመሆኑም ቅባት የሚያስፈልጋቸው ክፍሎች የሚከተሉት ናቸው፦

• የመሪው የላይኛውና የታችኛው ኩሽኔታ፤
• የተወዛዋዡ ክንድ ፒን፤
• የፊት ጎማ ኩሽኔታ፤
• የፊት ፍሬንና የፍጥነት መለኪያ ካቮዎች።

ከግራሶ በፊት የሚደረግ ፍተሻ

ስኩተሩ በማቆሚያው ላይ ቆሞ የፊት ጎማው ከመሬት ይነሣል፤ ሌላ ሰው ከኋላ አጥብቆ ይይዘዋል። መሪው በዝግታ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሲዞር ሳይቆራረጥ መሄድ አለበት። መሐል ላይ የሚይዝ ከሆነ የኩሽኔታው መቀመጫ ተጎድቷል ማለት ነው። ቀጥሎ ጎማው ወደ ፊትና ወደ ኋላ፣ ከዚያም ወደ ጎን ይነቀነቃል። ንቅናቄው ከመሪው ቱቦ፣ ከክንዱ ፒን ወይም ከጎማው ኩሽኔታ የሚመጣ መሆኑ በእጅ በመዳሰስ ይለያል። ግራሶ ያለቀ ፒንን ድምፅ ለጥቂት ቀናት ሊያጠፋ ይችላል፤ የሰፋውን ክፍተት ግን አይመልስም። እንዲህ ያለው ክፍል በአዲስ መተካት ይኖርበታል።

የግራሶ አሰጣጥ

1. የግራሶ ማስገቢያ ባላቸው ሞዴሎች ማስገቢያው በጨርቅ ከአቧራ ከተጠረገ በኋላ፣ አሮጌው ግራሶ መውጣት እስኪጀምር ድረስ በፓምፕ በዝግታ ይሰጣል። ግራሶው አልገባ ካለ ማስገቢያው ተደፍኗልና በኃይል መግፋት አይገባም።

2. የመሪው ኩሽኔታ የሚታደሰው መሪው ተፈቶ ነው። የብረት ኳሶቹ ልቅ ከሆኑ እንዳይጠፉ አስቀድሞ ይቆጠራሉ። ክፍሎቹ ከእሳት በራቀ ግልጽ ቦታ በነጭ ጋዝ ታጥበው ከደረቁ በኋላ በቁጥር 2 የሊቲየም ግራሶ ይሞላሉ። የተለያየ ዓይነት ግራሶ መቀላቀል ቅባቱን ሊያቀጥነው ስለሚችል አይመከርም።

3. ሲገጠም ንቅናቄው እስኪጠፋ ብቻ ይጠብቃል። ከመጠን በላይ ማጥበቅ ኳሶቹ መቀመጫውን እንዲወጉት ያደርጋል፤ ማላላት ደግሞ መሪው በጉዞ ላይ እንዲርገበገብ ያደርጋል።

4. የፍሬን ካቮ በቀጭን ዘይት ይቀባል። ክሩ የተበጠሰ ካቮ ይለወጣል እንጂ አይቀባም።

ግራሶ የማይደርስበት ቦታ

ከልክ ያለፈ ግራሶ የዘይት መከላከያ ጎማውን አልፎ ወደ ፍሬን ታምቡር ሊገባ ይችላል። ግራሶ የነካው የፍሬን ሸራ አስተማማኝ ስላልሆነ መለወጥ አለበት። የቀድሞ ዘመን የፍሬን ሸራዎች ለሳንባ አደገኛ የሆነ አስቤስቶስ ሊኖራቸው ስለሚችል፣ የታምቡሩ አቧራ በአየር አይነፋም፤ አፍንጫና አፍን በተገቢው መከላከያ ሸፍኖ በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ይገባል።

የጥገና ጊዜ

የጊዜ ሰሌዳው በፋብሪካው መመሪያ መሠረት ይፈጸማል። ከዚህም በተጨማሪ ክረምቱ ሲያበቃ፣ ስኩተሩ ጎርፍ ካቋረጠ ወይም በኃይለኛ ውኃ ከታጠበ በኋላ ፍተሻ ማድረግ ያስፈልጋል፤ ለጭቃና ለውኃ ይበልጥ የተጋለጠው የታችኛው ኩሽኔታ ነውና። ከጥገናው በኋላ ፍሬኑና መሪው ተሽከርካሪ በሌለበት ሜዳ በዝቅተኛ ፍጥነት ይሞከራሉ።

ዓመታዊ የቴክኒክ ምርመራ ተሽከርካሪው በዕለቱ ያለበትን ሁኔታ ያሳያል። በሁለት ምርመራዎች መካከል ባሉት ወራት ግን የፊት ክፍሉን ደኅንነት መጠበቅ የባለንብረቱ ኃላፊነት ነው።