የባሕር ወንበዴዎች በጠረጴዛ ላይ፦ ጨዋታው እንዴት ይዘጋጃል?



ዳማና ካርታ በየመኝታ ክፍሉ የታወቁ ጨዋታዎች ናቸው። ዛሬ የምናስረዳው ግን ስለ ሌላ ዓይነት ጨዋታ ነው፤ ይኸውም በትናንሽ ምስሎች በጠረጴዛ ላይ ስለሚካሄድ የባሕር ውጊያ። እኛ የአንድ ክፍል ልጆች ይህን ጨዋታ ሦስት ጊዜ አካሂደነዋል። የተረዳነው ዋና ነገር ጨዋታውን የሚያሳምረው የመርከቦቹ ውበት ሳይሆን የዳኛው ዝግጅትና ሚዛናዊነት መሆኑን ነው።

በምስል መዋጋት አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1824 ራይስቪትስ የተባለ የፕሩሲያ መኮንን ለመኮንኖች ማሠልጠኛ የሚሆን የጦርነት ጨዋታ ደንብ አሳተመ። በ1913 ደግሞ እንግሊዛዊው ደራሲ ኤች. ጂ. ዌልስ በአሻንጉሊት ወታደሮች ለሚደረግ ጨዋታ የደንብ መጽሐፍ አወጣ። ከራይስቪትስ የወሰድነው ቁም ነገር ዳኛው ነው። ዳኛው የሁለቱንም ወገን ምሥጢር ያውቃል፤ ተጫዋቹ ግን የሚያውቀው ያየውን ብቻ ነው።

ታሪኩን መምረጥ

ከሁሉ አስቀድሞ አንድ እውነተኛ ውጊያ ይመረጣል። እኛ የመረጥነው ኅዳር ወር 1718 (እ.ኤ.አ.) በሰሜን አሜሪካ ጠረፍ፣ በኦክራኮክ ደሴት አጠገብ የተደረገውን ነው። «ጥቁር ጺም» የተባለው ወንበዴ ኤድዋርድ ቲች በአንዲት መርከብ ከ25 ከማይበልጡ ሰዎች ጋር ቆሞ ነበር። የቨርጂንያው ገዥ ስፖትስውድ የላከው ሻለቃ ሳይሆን ሌተናንት ነበር፤ ስሙም ሮበርት ሜይናርድ ይባላል። ሁለት ትናንሽ መርከቦችና 60 ያህል ሰዎች ነበሩት። ሰው በዝቶለታል፤ መድፍ ግን የለውም። ቲች መድፍ አለው፤ ሰው ግን አንሶታል። ለጨዋታ የሚያስፈልገው እንዲህ ያለ ሁኔታ ነው፤ ሁለቱም ወገን የሚመካበትም የሚፈራውም ነገር አለው።

ዕቃዎቹ

ገንዘብ የሚያስወጣ ነገር የለም። ሰማያዊ ብርድ ልብስ ጠረጴዛ ላይ ይነጠፍና ባሕር ይሆናል። ደሴቱና ጥልቀት የሌለው ሥፍራ በወረቀት ላይ በተበተነ አሸዋ ይታያል። መርከቡ ከካርቶን፣ ምሰሶው ከእንጨት ስንጥር፣ ሸራው ከደብተር ወረቀት ይሠራል። ሰዎቹን ከጭቃ ሠርቶ ማድረቅ ነው። አንድ ምስል ሦስት ሰው ይወክላል፤ ስለዚህ ለሜይናርድ 20፣ ለቲች 8 ምስል ይበቃል። ከዚህ ሌላ ማስመሪያና እንደ ሉዶው ያለ ባለ ስድስት ገጽ ዳዶ ያስፈልጋል። ዳዶ ከሌለ ከ1 እስከ 6 የተጻፈባቸው ብጥስጣሽ ወረቀቶች በኩባያ ውስጥ ሆነው እንደ ዕጣ ይወጣሉ።

ደንቡ

ደንብ ከበዛ ጨዋታው ይሞታል። የእኛ አምስት ብቻ ነው።

1. ሁለቱ ወገኖች በየተራ ይንቀሳቀሳሉ። ነፋስ ከኋላ ከሆነ መርከብ 20 ሳንቲ ሜትር፣ ከጎን ከሆነ 15፣ ከፊት ከሆነ 5 ይሄዳል።

2. አሸዋ የነካ መርከብ ዳዶ ይጥላል፤ 1 ወይም 2 ከመጣ ተቀርቅሮ ይቆማል። በየተራው 4ና ከዚያ በላይ ከጣለ ይወጣል። ውሃውንና የክብደት ድንጋዩን ወደ ባሕር ከጣለ 3ም ይበቃዋል። የሜይናርድ ሰዎች በእውነትም ያደረጉት ይህንን ነው።

3. የቲች መድፍ እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል። አራት ዳዶ ይጣላል፤ እያንዳንዱ 5 ወይም 6 አንድ ምስል ያስወጣል። ከተተኮሰ በኋላ አንድ ተራ ለማጉረስ ይታለፋል።

4. የሜይናርድ ተጫዋች ስንት ሰው ከላይ፣ ስንት ሰው ከመርከቡ ሆድ እንደሸሸገ በወረቀት ጽፎ ለዳኛው ብቻ ይሰጣል። የተሸሸገውን መድፍ አይነካውም።

5. መርከቦች ሲነካኩ የእጅ በእጅ ውጊያ ይሆናል። እያንዳንዱ ምስል አንድ ዳዶ ይጥላል፤ 5ና 6 ጠላት ይጥላል። ከሆድ የወጡት ቀድመው ይጥላሉ።

ቲች ከጠረጴዛው ጫፍ ወደ ሰፊው ባሕር ካመለጠ ያሸንፋል፤ ሜይናርድ በ12 ተራ ውስጥ ከያዘው ያሸንፋል።

የዳኛው ሥራ

ዳኛው አይጫወትም፤ ለማንም አያደላም። የቅርብ ጓደኛው ሲሸነፍ እያየ ወረቀቱን ዝም ብሎ መያዝ አለበት። ይህ ቀላል እንዳይመስላችሁ! ደንቡ ያልተናገረው ነገር ከተነሳ ክርክሩን አያስረዝምም፤ ዳዶ ይጥልና ከ1 እስከ 3 «አይሆንም»፣ ከ4 እስከ 6 «ይሆናል» ብሎ ይወስናል። መርከቡ የተያዘበት ልጅ ደግሞ ጥግ ይዞ አይቀመጥም፤ የነፋሱን አቅጣጫ የሚጥለው እሱ ይሆናል። ጓደኛን አስጠርቶ ሥራ ፈት ማድረግ ምን ይባላል?

በሦስቱ ጨዋታችን ቲች ሁለት ጊዜ አመለጠ። ይህ ስሕተት አይደለም። ውጤቱን በግድ ከታሪክ ጋር ማስማማት አያስፈልግም፤ ካለቀ በኋላ ግን እውነተኛውን መናገር የዳኛው ግዴታ ነው። በ1718 ሜይናርድ ሰዎቹን ከሆድ ሸሸገ፤ ቲችም መርከቡ ባዶ መስሎት ዘሎ ገባና እዚያው ተገደለ።

አንድ ነገር ይጨመር። ጨዋታው ሲሞቅ ወንበዴውን ጀግና ማድረግ ይመጣል። የቲች ትልቋ መርከብ፣ በ1718 አሸዋ ላይ ወጥታ የቀረችውና ስብርባሪዋ በ1996 የተገኘው፣ ቀድሞ የፈረንሳዮች የባሪያ ማጓጓዣ ነበረች። በ1717 ሲማርካት በውስጧ ከአፍሪካ የተጋዙ ሰዎች ነበሩ። አብዛኞቹን ለፈረንሳዮቹ ትቶላቸው ሄደ እንጂ ነፃ አላወጣቸውም። ይህንን ስንናገር ጠረጴዛው ዙሪያ ጸጥታ ሆነ፤ ቀጥሎም ጥያቄ ጎረፈ። የማታው ጨዋታ ወደ ታሪክ ትምህርት የተለወጠው ያን ጊዜ ነው።

ነገ በየገጠሩ ስንመደብ መጽሐፍ ሊያጥረን ይችላል፤ ጭቃ፣ አሸዋና ካርቶን ግን የትም አይጠፋም። በሉ እንግዲህ፣ ቅዳሜ ማታ አንድ ጠረጴዛ አስለቅቁና ሞክሩት!