አዋሽ ፤ ከባሕር የማይደርስ ወንዝ

ከሀገራችን ታላላቅ ወንዞች ብዙዎቹ ከደጋው ወርደው ወደ ሌላ ሀገር ይሄዳሉ። ዓባይ ወደ ሱዳንና ወደ ግብጽ ፥ ገናሌና ዋቢ ሸበሌ ወደ ሶማሊያ ይወርዳሉ። አዋሽ ግን እንደ እነርሱ አይደለም። ከኢትዮጵያ ደጋ ተነሥቶ 1200 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ፥ በኢትዮጵያና በጅቡቲ ወሰን ላይ ባለው በአቤ ሐይቅ ያልቃል እንጂ ከባሕር አይደርስም። ይህ ነገር ለመስማት ቀላል ቢመስልም ብዙ ትምህርት አለበት። ከባሕር የማይደርስ ወንዝ የተሸከመውን ሁሉ ከሀገር ሳያወጣ ያስቀራልና።

ስለ ምንጩና ስለ መንገዱ

አዋሽ የሚነሣው ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ፥ በጊንጪ አካባቢ ካለው ተራራማ ደጋ ነው። ከዚያም የበቾን ሜዳ አቋርጦ በመልካ ቁንጥሬ ያልፍና ወደ ስምጥ ሸለቆ ይወርዳል። ቆቃን ፥ ወንጂንና መተሐራን ካለፈ በኋላ ከፏፏቴው ተወርውሮ ወደ ጥልቅ ገደል ይገባል። በመጨረሻም የአፋርን ቆላ በገዋኔ ፥ በዱብቲና በአሳይታ በኩል አቋርጦ ከሐይቁ ይደርሳል። በመንገዱም አቃቂ ፥ ሞጆ ፥ ከሰም ፥ ቦርከናና ሚሌ ይጨመሩበታል። ምንጩ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 3000 ሜትር ሲሆን የአቤ ሐይቅ ከፍታ ግን 250 ሜትር ያህል ብቻ ነው።

ከባሕር የማይደርስ ስለ ምንድር ነው ቢሉ ፥ የመጨረሻው ቆላ ዙሪያው ከፍ ብሎ መካከሉ እንደ ገበቴ የጎደጎደ ስለ ሆነ ነው። ውሃው መውጫ አጥቶ ይተኛል ፤ ከፀሐይም ትኩሳት የተነሣ ይተናል። ነገር ግን የሚተነው ውሃው ብቻ ነው ፤ ጨውና ዝቃጭ ወደ ኋላ ይቀራል። የአቤ ሐይቅ ውሃ ጨዋማ የሆነውም ስለዚህ ነው። እንግሊዛዊው መንገደኛ ዊልፍሬድ ቴሲጀር ወንዙን ተከትሎ በ1926 ዓ.ም. ከዚህ ሐይቅ ደርሶ መጨረሻውን ለውጭ ሰዎች አስታወቀ ፤ አፋሮች ግን ከጥንት ጀምሮ ያውቁት ነበር።

በዚሁ ሸለቆ ፥ ሐዳር በሚባለው ስፍራ ፥ በ1967 ዓ.ም. የድንቅነሽ አፅም ተገኘ። ዕድሜዋም 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያህል ነው። አፅሟን ጠብቆ ያቆየው በጥንት ዘመን ውሃ አምጥቶ የነጠፈው ደለል ነው። እንግዲህ በዚህ ሸለቆ ውሃ የጣለው ነገር ምን ያህል ዘመን እንደሚኖር ከዚህ ይታወቃል።

የሰው ሥራ በወንዙ ላይ

በወንጂ በ1946 ዓ.ም. የስኳር ፋብሪካ ሥራ ጀመረ ፤ በ1952 ዓ.ም. ደግሞ የቆቃ ግድብ ተፈጽሞ የኤሌክትሪክ ኃይል መስጠት ጀመረ። ከግድቡ በታች ላሉት እርሻዎችም በበጋ ውሃ ተገኘ። ይህ ሁሉ ታላቅ ጥቅም ነው። ዳሩ ግን ጥቅሙ ብቻውን አልመጣም።

አስቀድሞ የአፋር አርብቶ አደር በዝናም ወራት ከብቱን ወደ ሰፊው ሜዳ ያሰማራ ነበር ፤ በበጋም ወንዙ ሞልቶ ከሸሸበት ለምለም ሣር ይመለስ ነበር። ከ1950ዎቹ ጀምሮ የጥጥና የሸንኮራ እርሻ እየሰፋ ሲሄድ ያ የበጋ ግጦሽ ከእጁ ወጣ። ስለዚህ በ1964 እና በ1965 ዓ.ም. ድርቅ በሆነ ጊዜ መሸሻ ጠፋ ፤ ብዙ ከብት አለቀ ፥ ብዙ ሰውም ሞተ። ጉዳቱን ያበዛው የዝናም መጥፋት ብቻ አልነበረም።

በመተሐራ አጠገብ ያለውንም የበሰቃን ሐይቅ እንመልከት። በ1950ዎቹ ስፋቱ ሦስት ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነበር ፤ በኋላ ግን ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሆነ። ከምድር በታች ያለው ውሃ ከፍ ማለቱና ከመስኖ የሚተርፈው ውሃ መጨመሩ ለዚህ ምክንያት ናቸው። ጨዋማው ውሃ የእርሻና የግጦሽ መሬት ወሰደ ፤ መንገዱንና የባቡሩንም ሐዲድ አስጨነቀ።

ከላይ ደግሞ አቃቂ የአዲስ አበባን ቆሻሻ ይዞ ከአዋሽ ይቀላቀላል። ከደጋው እርሻ የታጠበው አፈርም ቆቃ ሲደርስ ይሰፍራል። ስለዚህ ማጠራቀሚያው የሚይዘው ውሃ በተሠራበት ዘመን ይይዝ ከነበረው እጅግ አንሷል።

ተማሪዎች በእጃቸው የሚፈትኑት

ልጆች ሆይ ፥ በክረምት ከመንደራችሁ ጎርፍ አንድ ብርጭቆ ቀድታችሁ ሳትነኩት አሳድሩት። በማግሥቱ ከላይ ያለው ውሃ ጠርቶ ፥ አፈሩ ከሥር ተኝቶ ታገኙታላችሁ። ቆቃ ማለት እንደዚህ ያለ ታላቅ ብርጭቆ ነው። ከሥሩ የተኛው አፈር ከአባቶቻችሁ ማሳ የሄደ ነው ፤ አንድ ጊዜ ከሄደም አይመለስም። የማሳው ባለቤት እህሉ ያንሰዋል ፥ በታች ያለውም ውሃው ያንሰዋል። በአንድ ጎርፍ ሁለቱም ይጎዳሉ።

ስለዚህ በተዳፋት ላይ ያለ ገበሬ ቁልቁል አይረስ ፤ አግድም ይረስ ፥ እርከን ይሥራ ፥ በወንዝ ዳርም ሣርና ዛፍ ያቆይ። ከተማ ያለ ሰውም ቆሻሻውን በወንዝ አይጣል። ከላይ የሚጠጣ ጅብ ከታች የምትጠጣውን አህያ «ውሃ አደፈረሽብኝ» ብሎ እንደ ከሰሳት ሁላችሁም ሰምታችኋል። ውሃ ሽቅብ እንደማይደፈርስ ሕፃን እንኳ ያውቃል። የጊንጪ ልጅ የአሳይታን ልጅ በዓይኑ አላየውም ይሆናል ፤ ነገር ግን በየዕለቱ ውሃውን ይልክለታል። የሚልክለት ጥሩ ውሃ ይሁን ወይስ ድፍርስ ፥ ይህ በላይኛው እጅ ነው።