ጥርስ ከመትከልዎ በፊት የልብዎን ነገር ይናገሩ

አያቴን ጥርስ ሊያስተክሉ የወሰድኳቸው እኔ ነበርኩ። የጤና መጠይቁ በዕብራይስጥ ስለሆነ እኔው ሞላሁት። «የልብ በሽታ አለ?» የሚለው ላይ ሳልጠይቃቸው «የለም» ብዬ ምልክት አደረግኩና አስፈረምኳቸው። ደግነቱ ሐኪሟ በቃል ደግማ ጠየቀች። ስተረጉምላቸው አያቴ ሳቁ፦ «አንተ ሳትወለድ ልቤን ኦፕራሲዮን ሆኜ የለም እንዴ? አንዱን በር በብረት ቀይረውልኛል» አሉ። የዚያን ዕለት ተከላው ቀረ።

ጥርስና ልብ ምን አገናኛቸው? አፋችን ውስጥ ብዙ ባክቴሪያ አለ። ለጥርስ ተከላ፣ እዚህ ሽታሊም ለምንለው፣ ድድ ተቀዶ የታይታኒየም ብሎን መንጋጋ አጥንት ውስጥ ይገባል። በዚህ ጊዜ ባክቴሪያው ወደ ደም ሊገባ ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ ሰውነት ራሱ ቶሎ ያጠፋዋል። ሰው ሠራሽ የልብ ቫልቭ ላይ ከተለጠፈ ግን እዚያው ይራባል። ኢንዶካርዳይቲስ ይባላል። የሚያጋጥመው ጥቂት ሰው ቢሆንም ሲያጋጥም ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል።

ይሄ የእኛን አባቶችና እናቶች በተለይ ይመለከታል። ኢትዮጵያ ውስጥ በልጅነት ሳይታከም የቀረ የጉሮሮ ሕመም የብዙ ሰው የልብ ቫልቭ ጎድቷል።

የአሜሪካ የልብ ማኅበር በ2021 ባደሰው ምክር፣ ቫልቭ የተቀየረለት፣ ከዚህ በፊት ኢንዶካርዳይቲስ የያዘው እና አንዳንድ ከልደት የመጣ የልብ ችግር ያለበት ሰው ድድ ከመነካቱ በፊት አንቲባዮቲክ ይወስዳል። የተለመደው 2 ግራም አሞክሲሲሊን ነው፤ ከሕክምናው ከ30 እስከ 60 ደቂቃ በፊት፣ አንድ ጊዜ ብቻ። ፔኒሲሊን የማይስማማው አስቀድሞ ይናገር። ስቴንት ወይም ፔስሜከር ብቻ ያለው ልቡን ለመጠበቅ ብሎ መውሰድ አያስፈልገውም። ቫልቩ ተጎድቶ ያልተቀየረለት ደግሞ የልብ ሐኪሙን ይጠይቅ።

ስኳር ያለበት ሰው ቁስሉ በቀላሉ ስለሚያመረቅዝ ስኳሩን አስተካክሎ ይግባ። የደም ማቅጠኛ የሚወስድም በራሱ አያቁም፤ ሐኪሙን ያማክር። የታመመ ድድም ከተከላው በፊት ይታከም።

ከተከላው በኋላ ለጥቂት ቀን ማበጥና ማመም ያለ ነው። ትኩሳቱ 38 ከደረሰ፣ ብርድ ብርድ ካለዎት ወይም እብጠቱ እየጨመረ ከሄደ ግን በዚያው ቀን ለሐኪም ይደውሉ። ሰው ግራ ከተጋባ፣ ትንፋሽ ካጠረው ወይም ራሱን ከሳተ 101 ይደወል። የልቡ በሽታ ከሳምንታት በኋላም ሊመጣ ይችላል፦ የማይለቅ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ ድካም። ኩፓት ሆሊም ሲሄዱ «ጥርስ አስተክዬ ነበር» ይበሉ። ቤት የተረፈ አንቲባዮቲክ አይዋጡ፤ የደም ምርመራው ላይ ባክቴሪያው እንዳይታይ ያደርጋል።

«ልጆቼን አላስቸግርም» ብሎ ችሎ ማሳለፍ የእናንተ ልማድ እንደሆነ እናውቃለን። ግን እናንተው ናችሁ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ብላችሁ ያሳደጋችሁን። አያቴ ከልብ ሐኪማቸው ደብዳቤ ይዘው፣ መድኃኒታቸውን ውጠው በሌላ ቀን አስተከሉ። መጠይቁን ያኔም እኔው ሞላሁት፤ አሁን ግን እያንዳንዱን ጥያቄ ጮክ ብዬ እያነበብኩላቸው ነው። እርስዎም የልጅ ልጅዎ እስክሪብቶ ሲያነሳ «ቆይ፣ መጀመሪያ አንብብልኝ» ይበሉት።