የውጭ ሀገር ባለሙያ ለመቅጠር ከአሠሪ የሚጠበቁ ግዴታዎች፦ በሐረር ለሚገኙ ድርጅቶች የተዘጋጀ ማብራሪያ

በሐረር የውጭ ሀገር ሰው ተቀጥሮ መሥራቱ አዲስ ነገር አይደለም። ፈረንሳዊው አርተር ራምቦ በ1873 ዓ.ም. ወደ ከተማዪቱ የገባው፣ በኤደን ይነግድ የነበረው የባርዴ የንግድ ቤት ተቀጣሪ ሆኖ ነበር። ከዚያ በኋላ የመጡት ህንዳውያን ነጋዴዎችም ፎቅና በረንዳ ያላቸውን ቤቶች በጁገል ውስጥ ትተው አልፈዋል። ዛሬ ግን የአሠሪውና የተቀጣሪው ስምምነት ብቻውን አይበቃም።

በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ማንኛውም የውጭ ሀገር ዜጋ በኢትዮጵያ ውስጥ ተቀጥሮ መሥራት የሚችለው የሥራ ፈቃድ ሲኖረው ነው። ፈቃዱ የሚሰጠው ለአንድ ለተወሰነ የሥራ ዓይነት ሲሆን፣ ለሦስት ዓመት የሚያገለግል ሆኖ በየዓመቱ ይታደሳል፤ የሦስት ዓመቱን ገደብ ሚኒስቴሩ እንደ አስፈላጊነቱ ሊለውጠው ይችላል። ስለዚህ ማሽን እንዲተክል ፈቃድ የወጣለት ባለሙያ በዚያው ፈቃድ የሽያጭ ኃላፊ ሊሆን አይችልም። ብዙ አሠሪዎች ፈቃዱን የሠራተኛው የግል ጉዳይ አድርገው ይመለከቱታል። ይህ አስተሳሰብ መታረም ይኖርበታል፤ ፈቃዱ የሚቆመው በአሠሪው ፍላጎት ላይ ነው፤ ያንን ፍላጎት በማስረጃ ማሳየት ያለበትም አሠሪው ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄ ሥራውን የሚሠራ ኢትዮጵያዊ አለ ወይስ የለም የሚለው ነው። በሐረር የሚገኝ አንድ ሆስፒታል አዲስ የምርመራ መሣሪያ አስገብቶ፣ መሣሪያውን የሚተክልና የሚጠግን ባለሙያ በሀገር ውስጥ ፈልጎ ቢያጣ፣ ጥያቄው መሠረት ያለው ነው። በአንጻሩ በጁገል ውስጥ ባህላዊ የሐረሪ ቤት የሚያድስ ግንበኛ ከውጭ ላምጣ የሚል አሠሪ ምክንያቱን ለማስረዳት ይቸገራል፤ ያንን ሙያ ከከተማዪቱ ግንበኞች የተሻለ የሚያውቅ ሌላ ሀገር አይገኝምና። ከሁለቱ መካከል ያለው ጉዳይ በየፊናው ይመዘናል። አሠሪው ክፍት የሥራ ቦታውን በይፋ ማስታወቁንና በሚኒስቴሩ የሥራ ገበያ መረጃ ሥርዓት ከተመዘገቡ ሥራ ፈላጊዎች መካከል መፈለጉን የሚያሳይ ሰነድ ቢይዝ፣ ጥያቄው ከቃል ማብራሪያ የበለጠ ክብደት ይኖረዋል።

ሁለተኛውና ብዙ ጊዜ ችላ የሚባለው ጉዳይ ተተኪ ማፍራት ነው። የኢንቨስትመንት አዋጅ ቁጥር 1180/2012 የውጭ ባለሙያ የቀጠረ ባለሀብት በተወሰነ ጊዜ ውስጥ አስፈላጊውን ሥልጠና ሰጥቶ በኢትዮጵያዊ እንዲተካው ያስገድዳል። ይህ ለወረቀት ማሟያ የገባ ሐረግ አይደለም። ባለሙያው ብቻውን ሠርቶ ብቻውን ከሄደ፣ መሣሪያው በተበላሸ ማግስት ሆስፒታሉ እንደገና ወደ ውጭ ደጅ ይጠናል፤ ታካሚውም እስከዚያ ድረስ ወደ ሌላ ከተማ ይላካል። በሌላ በኩል ከሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ወይም ከአንድ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ የተመረቀ ወጣት ከባለሙያው ጎን ተመድቦ ቢሠራ፣ ሙያው በከተማዪቱ ይቀራል። ስለሆነም የሥልጠና ዕቅዱ የተተኪውን ማንነት፣ የሚማረውን ሥራና ራሱን ችሎ የሚረከብበትን ጊዜ ለይቶ ማስቀመጥ አለበት። «ሥልጠና ይሰጣል» የሚል አንድ መስመር ዕቅድ ሊባል አይችልም። ዕቅዱ የት እንደደረሰ በዕድሳት ወቅት ለማስረዳትም አሠሪው ዝግጁ ሆኖ ሊቀርብ ይገባል።

ሰነዶችን በተመለከተ፣ ከድርጅቱ የጥያቄ ደብዳቤና የታደሰ ንግድ ፈቃድ ጋር የተፈረመ የሥራ ውል፣ የባለሙያው ፓስፖርት፣ የትምህርትና የሥራ ልምድ ማስረጃ ይቀርባሉ። እዚህ ላይ በቅድሚያ ሊታሰብበት የሚገባው የማስረጃ ማረጋገጥ ሥራ ነው፤ ከውጭ የመጣ የትምህርት ማስረጃ በወጣበት ሀገር በሚገኝ የኢትዮጵያ ኤምባሲና በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር መረጋገጥ ይኖርበታል። ባለሙያው ሐረር ከደረሰ በኋላ ይህን ለመፈጸም መሞከር ወራት ሊወስድ ይችላል። ሐረር ከአዲስ አበባ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ እንደምትርቅም መዘንጋት አይገባም፤ በአንዲት የጎደለች ማኅተም ምክንያት ያን መንገድ ደግሞ መመላለስ ድካም ነው። ሐኪምን የመሰለ ሙያ ሲሆን ደግሞ ከጤናው ዘርፍ ተቆጣጣሪ የሚሰጥ የሙያ ፈቃድ ለብቻው ያስፈልጋል። በቱሪስት ቪዛ አስገብቶ ሥራ ማስጀመር፣ ወረቀቱ በሂደት ላይ ቢሆንም እንኳ፣ የተፈቀደ አይደለም። የመኖሪያ ፈቃድ የሚሰጠው የኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎት የሥራ ፈቃዱን ይጠይቃል።

የኢንቨስትመንት ፈቃድ ያለው ድርጅት የሥራ ፈቃድ ጥያቄውን በኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ኮሚሽን በኩል ያቀርባል፤ ሌላው አሠሪ ለሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ያመለክታል።

በጁገል ቅጥር ውስጥ የሚሠሩ አሠሪዎች አንድ ተጨማሪ ነገር ማወቅ አለባቸው። ጁገል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ነው። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት በቅርስ ላይ የሚደረግ ማንኛውም የጥበቃና የጥገና ሥራ የቅርስ ባለሥልጣኑን ቅድሚያ ፈቃድ ይሻል። ለቅርስ ጥገና ባለሙያ የወጣ የሥራ ፈቃድ ሰውየው እንዲቀጠር ይፈቅዳል እንጂ ግንቡን እንዲነካ አይፈቅድም።

ሐረርን በተለይ የሚመለከት ሌላም ነጥብ አለ። ከከተማዪቱ ወጥተው በካናዳ፣ በአውስትራሊያ፣ በአሜሪካና በሌሎች ሀገሮች ዜግነት ያገኙ ብዙ ሐኪሞች፣ መሐንዲሶችና ነጋዴዎች አሉ። በአዋጅ ቁጥር 270/1994 መሠረት የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ካርድ፣ በተለምዶ ቢጫ ካርድ የሚባለው፣ ያለው ሰው ያለ ሥራ ፈቃድ ተቀጥሮ የመሥራት መብት አለው፤ የመከላከያ፣ የደህንነት፣ የውጭ ጉዳይና መሰል የፖለቲካ ተቋማት ቋሚ ቅጥር ብቻ አይፈቀድለትም። አያቱ ወይም ቅድመ አያቱ ኢትዮጵያዊ የነበረ ሰውም በዚህ ትርጉም ውስጥ ሊካተት ይችላል። አሠሪው የባለሙያውን ፓስፖርት አይቶ «የውጭ ሰው ነው» ብሎ ረጅሙን መንገድ ከመጀመሩ በፊት የትውልድ ሐረጉን ቢጠይቅ ብዙ ድካም ይቀንሳል።

የውጭ ሀገር ዜጋው ለሥራው አስፈላጊ አለመሆኑን ሚኒስቴሩ ካረጋገጠ ፈቃዱ ሊሰረዝ ይችላል። ባለሙያው ሥራውን ከለቀቀም ፈቃዱ ለሌላ አሠሪ አይተላለፍም፤ አዲሱ አሠሪ ጥያቄውን ከመጀመሪያው ያቀርባል።