ሁለት ፓምፕ፣ አንድ ታንክ

«ጋሼ፣ ያቺ ትንሿ አውሮፕላን ሞተሯ አንድ ብቻ ነው አይደል? ነዳጁን የሚስበው ነገር ሰማይ ላይ ቢበላሽባት ምን ይውጣታል?» ብላ የጠየቀችኝ እዚሁ ቤይሩት አጠገብ፣ ጃል ኤል ዲብ፣ ሰው ቤት የምትሠራ የአገሬ ልጅ ናት። በአውራ ጎዳናው ዳር ታክሲ እየጠበቅን ነበር። እኔ አገር ቤት ሳለሁ በእንዲህ ዓይነቶቹ አውሮፕላኖች ጥገና ላይ ሠርቻለሁ፤ ዛሬ እንጀራዬ ጄኔሬተር መጠገን ነው። ታክሲው ቶሎ መጣና ነገሩን ሳላስረዳት ተለያየን። ጥያቄዋ ግን በሁለት ቃል የሚታለፍ አይደለም።

በመጀመሪያ፣ ጭራሽ ፓምፕ የሌላቸው አውሮፕላኖች አሉ። በቆዩት ባለ ካርቡራቶር ሴስና 172ዎች ክንፉ ከላይ ነው፤ ታንኩም ክንፉ ውስጥ ስለሆነ ነዳጁ በራሱ ክብደት ወደ ሞተሩ ይወርዳል። እንደ ፓይፐር ቼሮኪ ያሉት ግን ክንፋቸው ከታች ስለሆነ ነዳጁ ወደ ላይ መሳብ አለበት። በኢንጀክተር የሚሠሩት አዳዲሶቹ ሴስና 172ዎችም፣ ክንፋቸው ከላይ ቢሆንም፣ ነዳጁ በግፊት እንዲደርሳቸው ስለሚያስፈልግ ያለ ፓምፕ አይሆንላቸውም።

እንግዲህ ፓምፕ የሚያስፈልጋቸው አብዛኞቹ ሁለት አላቸው። አንዱን የሚያንቀሳቅሰው ሞተሩ ራሱ ነው፤ መብራት ቢጠፋ ግድ የለውም። ሌላው በኤሌክትሪክ የሚሠራ ነው፤ የሞተሩ ፓምፕ ቢሰበር በባትሪ ነዳጅ ይገፋል። ሁለቱ ኃይላቸውን ከተለያየ ቦታ እንዲያገኙ የተደረገው ሆን ተብሎ ነው።

ይሁንና ሁለት መሆናቸው ብቻውን ዋስትና አይሆንም። ይህን ሊባኖስ ውስጥ የኖረ ሰው ለመረዳት አይቸገርም። እ.ኤ.አ. በ2021 በጋ የመንግሥት መብራት በቀን አንድና ሁለት ሰዓት ብቻ ሲመጣ ቤቱን ያቆመው የሰፈሩ ጄኔሬተር ነበር። ናፍጣ ሲጠፋ ግን ጄኔሬተሩም ዝም አለ። የመንግሥቱ ኃይል ማመንጫም የሰፈሩ ጄኔሬተርም የሚጠጡት ከውጭ የሚገባ ነዳጅ ነውና አንዱ ችግር ሁለቱንም መታ። የአውሮፕላኑ ሁለት ፓምፖችም በአንድ ጊዜ የሚጠጡት አብራሪው ከመረጠው ታንክ ነው። ታንኩ ውስጥ ውሃ ካለ፣ ፍልትሮው በቆሻሻ ከተደፈነ፣ ወይም ታንኩ ባዶ ከሆነ፣ ሁለተኛው ፓምፕ ምንም አያመጣም። በሥራዬ ያየሁት ይኸው ነው፤ ብዙ ጊዜ ፓምፑ የሚወቀሰው ሌላው ባጠፋው ነው።

የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጣው ማስጠንቀቂያም ይህንኑ ያሳያል። ከነዳጅ አያያዝ ጋር በተያያዙ የትናንሽ አውሮፕላኖች አደጋዎች ውስጥ በ95 በመቶው የሰው ስህተት እጁ አለበት፤ የዕቃ ብልሽት ያለበት 5 በመቶው ብቻ ነው። ነዳጅ ሳይለኩ መነሣት፣ የተሳሳተ ታንክ መምረጥ፣ አንዱ ታንክ ሙሉ እያለ በባዶው መብረር፤ አደጋው የሚመጣው ከዚህ ነው።

ፓምፑን የሚያስቸግር ሙቀትም አለ። ቤንዚን ሲሞቅ ይተናል፤ ፓምፕ ደግሞ ፈሳሽ እንጂ ትነት መግፋት አይሆንለትም። ከታች የሚስብ ፓምፕ በመስመሩ ውስጥ ግፊቱን ስለሚቀንስ ትነቱን ያባብሰዋል። ቤይሩት ባሕር ጠለል ላይ ስለሆነች እዚህ የሚያስቸግረው የበጋው ሙቀት ነው። አዲስ አበባ ብርድ ናት፤ ነገር ግን ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ግፊት ሲቀንስ ቤንዚን በቀላሉ ይተናል። ሞተሩ ጠፍቶ ጥቂት ሲቆይ የውስጡ ሙቀት ቱቦው ውስጥ ያለውን ነዳጅ ያፈላዋል፤ በዚህ ምክንያት ነው ትኩስ ሞተር ማስነሣት አንዳንዴ ፈተና የሚሆነው።

ፓምፑ ራሱም ያረጃል። በብዙ ላይካሚንግ ሞተሮች ላይ ያለው ፓምፕ ውስጡ የሚለጠጥ ስስ ዲያፍራም አለው፤ በዕድሜ ይደርቅና ይሰነጠቃል። ጥሩ መካኒክ የሞተሩን ሽፋን እንደከፈተ የሚያየው ከፓምፑ ወደ ውጭ የምትወርደውን ቀጭን የማፍሰሻ ቱቦ ጫፍ ነው። 100ኤልኤል የሚባለው የአቪዬሽን ቤንዚን ሰማያዊ ቀለም አለው፤ ፈስሶ ሲደርቅ ሰማያዊ እድፍ ይተዋል። ያንን እድፍ በጨርቅ ጠርጎ ማለፍ ትልቅ ጥፋት ነው። እድፉ ዲያፍራሙ መሰንጠቁን ሊያመለክት ይችላል፤ ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ አውሮፕላኑ መነሣት የለበትም።

ፓምፖቹን አብራሪው ለየብቻ ሊፈትናቸው ይገባል። በቼሮኪ ዓይነቱ ላይ ሞተሩ ሳይነሣ ኤሌክትሪኩን ፓምፕ ያበራል፤ ድምፁን ይሰማል፤ የግፊቱን መርፌ ያያል። ሞተሩ ሲነሣ ኤሌክትሪኩን አጥፍቶ የሞተሩ ፓምፕ ግፊቱን ብቻውን መያዙን ያረጋግጣል። ለመነሣት መልሶ ያበራዋል፤ በቂ ከፍታ ላይ ሲደርስ ያጠፋና መርፌውን ደግሞ ያያል። ሁለቱን ሁልጊዜ አብሮ የሚያስኬድ ሰው የአንዱን መሞት አያውቅም። ይህ ልማድ ግን ለሁሉም አውሮፕላን አይሠራም። በአንዳንድ ኮንቲኔንታል ሞተሮች ላይ ኤሌክትሪኩን በከፍተኛው ማብራት ሞተሩን በነዳጅ አጥለቅልቆ ሊያጠፋው ይችላል፤ ስለዚህ የየአውሮፕላኑን መመሪያ ማንበብ ግዴታ ነው።

ሰማይ ላይ ሞተሩ ቢደክምስ? የፓይፐሩ መመሪያ መጀመሪያ የሚያዘው ነዳጅ ወዳለበት ሌላ ታንክ መቀየር ነው፤ ኤሌክትሪኩን ፓምፕ ማብራት ከዚያ ይከተላል። ሞተሩ ጨርሶ ቢጠፋም አውሮፕላኗ ወዲያው አትወድቅም። ሴስና 172 ነፋስ ከሌለ ከ1,000 ሜትር ከፍታ 9 ኪሎ ሜትር ያህል ተንሸራታ መሄድ ትችላለች፤ አብራሪው ማረፊያ የሚመርጠው በዚያች ጊዜ ውስጥ ነው።