ሳቸል ፔጅ፦ በ42 ዓመቱ “ጀማሪ” የተባለው ኮከብ

እ.ኤ.አ ሴፕቴምበር 25 ቀን 1965 ምሽት፣ ካንሳስ ሲቲ። ተጠባባቂ ወርዋሪዎች በሚቀመጡበት የሜዳው ጥግ አንድ ተወዛዋዥ ወንበር ተቀምጧል። ወንበሩ ላይ ረዥም፣ ቀጭን፣ ጥቁር ሰውዬ ረጃጅም እግሮቹን ዘርግቶ ቀስ እያለ ይወዛወዛል። አጠገቡ ነጭ የለበሰች ነርስ ቆማ ቡና ታቀርብለታለች። ተመልካቹ ይስቃል። የካንሳስ ሲቲ አትሌቲክስ ባለቤት ቻርሊ ፊንሊ የፈለገውም ይህንኑ ነበር። ቡድኑ የደረጃው ግርጌ ላይ ተኝቷል፣ ስታዲየሙ ሰው ናፍቆታል። ስለዚህ የ59 ዓመት ሰው አስፈርሞ ለአንድ ምሽት አሰለፈ።

ከዚያ ሽማግሌው ከወንበሩ ተነስቶ ወደ ሜዳ ገባ። ሳቁም እዚያው ላይ አበቃ።

ሦስት ኢኒንግ ወረወረ፤ ቦስተን ሬድ ሶክሶች አንድም ነጥብ አላገኙበትም። ንጹህ ምት የመታበት አንድ ሰው ብቻ ነው። እሱም ካርል ያስትሬምስኪ የሚባል፣ ኋላ ከዘመኑ ታላላቅ መቺዎች አንዱ የሆነ ተጫዋች ነው። ሌሎቹ፣ ልጆቹ ሊሆኑ የሚችሉት ጎረምሶች፣ ዱላቸውን እየጎተቱ ተመለሱ። በሜጀር ሊግ ታሪክ እስከዛሬ በዚያ ዕድሜ የወረወረ ሌላ ሰው የለም።

ሰውዬው ሳቸል ፔጅ ይባላል።

ቤዝቦል እኛ ዘንድ እምብዛም አይታወቅም። ዋሽንግተን ወይም ሲያትል ዘመድ ያለው ሰው ቢያንስ ኮፍያውን ያውቀዋል፤ ጨዋታውን ግን ማን ቁጭ ብሎ ያያል? ስለዚህ ከመቀጠላችን በፊት ሁለት ቃል እንበል። ቤዝቦል አስራ ስምንት ሰዎች ቢሰለፉበትም ልቡ ያለው በሁለት ሰዎች ፍልሚያ ላይ ነው። ወርዋሪው ከትንሽ የአፈር ጉብታ ላይ ቆሞ 18 ሜትር ከ44 ሳንቲሜትር ርቆ ዱላ ወደያዘው መቺ ኳስ ይወረውራል። ኳሷ በሰዓት 150 ኪሎ ሜትር ከተወረወረች መቺው ጋ ለመድረስ ግማሽ ሰከንድ አይፈጅባትም። በዚያች ቅጽበት መቺው ማየት፣ መወሰንና መምታት አለበት። ሦስት ጊዜ ከሳተ ተሰናበተ፤ ይህን “ስትራይክ አውት” ይሉታል። ሦስት ሰው ሲሰናበት ተራው ለተጋጣሚው ያልፋል። ሁለቱም ቡድኖች ተራቸውን ሲጨርሱ አንድ ኢኒንግ ይባላል፤ ጨዋታው ዘጠኝ ኢኒንግ ነው። በአጭሩ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የፍጹም ቅጣት ምት የሚመታበት ጨዋታ አስቡ።

“ከወርዋሪዎች ሁሉ ታላቁ ማነው?” የሚለው ጥያቄ በአሜሪካ እንደ ፔሌና ማራዶና ክርክር ነው፤ ማለቂያ የለውም። አንዱ ሳይ ያንግን ይጠራል፤ 511 ጨዋታ አሸንፏል፣ የዓመቱ ምርጥ ወርዋሪ ሽልማትም በስሙ ተሰይሟል። ሌላው ዋልተር ጆንሰንን ያነሳል፤ 417 ድል አለው። በ1968 ቦብ ጊብሰን በአማካይ በዘጠኝ ኢኒንግ የሰጠው ነጥብ 1.12 ብቻ ነበር። ነገሩ ያስደነገጣቸው አለቆች በዓመቱ የመወርወሪያውን ጉብታ ዝቅ እንዲል አድርገዋል፤ መቺዎቹን ሊታደጉ! የግራ እጁ ሳንዲ ኮፋክስ ክንዱ እየታመመ ሲወረውር ኖሮ ገና በ30 ዓመቱ አቆመ፤ ያየው ሰው ግን አይረሳውም። ኖላን ራያን ደግሞ 5,714 ስትራይክ አውት አለው። ይህን ቁጥር የሚሰብር ይወለዳል ብዬ አላስብም።

ሁሉም ያስኬዳሉ። ክርክሩ ራሱ ግን ከመጀመሪያው ጎደሎ ነው። ምክንያቱም በሜጀር ሊግ ከአስራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ እስከ 1947 ድረስ ጥቁር አይጫወትም ነበር። የተጻፈ ሕግ የለም፤ የቡድን ባለቤቶቹ ዝም ብለው የተስማሙበት ነገር ነው። ሳይ ያንግ 511 ጊዜ ሲያሸንፍ፣ ዋልተር ጆንሰን 417 ጊዜ ሲያሸንፍ፣ ዱላ ይዘው የቆሙባቸው ሰዎች መካከል ጥቁሮቹ የሉም። በሩ ውጭ ደግሞ ሳቸል ፔጅ ቆሟል።

የተወለደው ጁላይ 7 ቀን 1906 በአላባማ ግዛት፣ ሞቢል በምትባል የወደብ ከተማ ነው። በልጅነቱ ባቡር ጣቢያ እየሄደ የመንገደኛ ሻንጣ ይሸከም ነበር። “ሳቸል” ማለት ቦርሳ ነው፤ ቅጽል ስሙ ከዚያው ቀረ። በ12 ዓመቱ ከትምህርት ቤት እየጠፋና ጥቃቅን ነገር እየሰረቀ በማስቸገሩ የጥቁር ልጆች ጠባይ ማረሚያ ገባ። አምስት ዓመት ያህል ቆየ። ከዚያ የወጣው ግን ኳስ መወርወር ተምሮ ነው።

ጥቁሮቹ በ1920 የራሳቸውን ሊግ አቋቁመው ነበር። ፔጅ ከ1926 ጀምሮ ከቻታኑጋ ወደ በርሚንግሃም፣ ከበርሚንግሃም ወደ ፒትስበርግ እያለ ተጫወተ። ሊግ ሲባል የዛሬውን እንዳታስቡ። ተጫዋቾቹ አውቶቡስ ውስጥ ያድራሉ፤ በብዙ ከተሞች ሆቴል አያስገባቸውም፣ ምግብ ቤት አያስቀምጣቸውም። ከሊጉ ጨዋታ በተረፈው ቀን ገንዘብ ለማግኘት ከመንደር መንደር እየዞሩ ካገኙት ቡድን ጋር ይገጥማሉ። አንዳንድ ቀን ሁለት ጊዜ። ማን መዝግቦ ይይዘዋል?

ፔጅ በዚህ ዓለም ውስጥ ንጉሥ ሆነ። እጅግ ፈጣን ኳስ አለው፤ ከፍጥነቱ ይልቅ ግን ያሰበበት ቦታ ማሳረፉ ነበር የሚያስገርመው። ለኳሶቹ ስም ያወጣላቸዋል። ከሁሉ የታወቀችው “የማመንታት ኳስ” የምትባለዋ ናት። ግራ እግሩ መሬት ከረገጠ በኋላ ክንዱ ለቅጽበት ቀጥ ይላል፤ መቺው ተሳስቶ ዱላውን ያወናጭፋል፤ ኳሷ ከዚያ በኋላ ትመጣለች። አንዳንዴም ከኋላው ያሉትን ተከላካዮች “ተቀመጡ” ብሎ ብቻውን ይወረውራል። ሰው ገንዘቡን ከፍሎ የሚመጣው ይህን ለማየት ነው።

በ1937 ደግሞ ወደ ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ተሻገረ። አምባገነኑ ራፋኤል ትሩሂዮ በራሱ ስም በተሰየመችው ዋና ከተማ ስም የሚጫወት ቡድን አለ፤ ፔጅ፣ ጆሽ ጊብሰንና ሌሎች የጥቁሮቹ ሊግ ኮከቦች በጥሩ ገንዘብ ተወሰዱ። ፔጅ ኋላ እንደሚያወራው ሜዳው ዙሪያ ጠመንጃ የያዙ ወታደሮች ነበሩ፤ ብንሸነፍ ምን ሊገጥመን እንደሚችል ገብቶን ነበር ይላል። አሸነፉ። እሱ ጨው እየጨመረ ማውራት እንደሚወድም አትርሱ።

በሚቀጥለው ዓመት ሜክሲኮ ሳለ ክንዱ ሞተ። ማንሳት እንኳ አቃተው። ሐኪም ከእንግዲህ አትወረውርም አለው። የካንሳስ ሲቲ ሞናርክስ ባለቤት ግን ሁለተኛ ቡድኑ ውስጥ አስገባው፤ ስሙ ብቻ ሰው ያመጣል ብሎ ነው። ፔጅ በየገጠሩ እየዞረ፣ ቀስ ብሎ እየወረወረ ቆየ። አንድ ቀን ክንዱ ተመለሰ። እንዴት እንደተመለሰ ለማስረዳት የሞከረ ብዙ ነው፤ የተሳካለት ግን የለም።

በ1942 የጥቁሮቹ ሊግ የፍጻሜ ውድድር ላይ የሆነው ነገር እስከዛሬ ይወራል። ተጋጣሚው ሆምስቴድ ግሬይስ ነው፤ የዘመኑ አስፈሪ መቺ ጆሽ ጊብሰን ያለበት ቡድን። ፔጅ ሲተርከው፣ ጊብሰንን ለመግጠም ሲል ከእሱ በፊት የነበሩትን መቺዎች ሆን ብሎ አሳልፎ ሦስቱንም ቤዝ ሞላ። አንድ ምት ቢገኝ ጉድ ይፈላል። እያንዳንዷን ኳስ ከመወርወሩ በፊት የት እንደሚልክለት እየነገረው ሦስት ኳስ ወረወረ፤ ጊብሰን ተሰናበተ። የጨዋታው መዝገብ መቺዎቹን ሆን ብሎ አሳለፈ የሚለውን አይደግፍም። ሦስቱም ቤዝ ሞልቶ ሳለ ጊብሰንን በስትራይክ አውት ማሰናበቱ ግን የተመዘገበ ነው። እኔ ይኸው ይበቃኛል።

“ከጥቁሮች ጋር ስለተጫወተ ነው” እንዳይባል፣ በዕረፍት ወራት ከነጮቹ ኮከቦች ጋር በወዳጅነት ግጥሚያ ይገናኝ ነበር። ከዲዚ ዲን ጋር፣ ከቦብ ፌለር ጋር ተፋልሟል። ታላቁ ጆ ዲማጂዮም ከገጠምኳቸው ሁሉ ምርጡና ፈጣኑ ወርዋሪ እሱ ነው ብሎ መስክሮለታል።

በ1947 በሩ ተከፈተ። ቀድሞ የገባው ግን ፔጅ አይደለም፤ ከሁለት ዓመት በፊት በሞናርክስ አብሮት የተጫወተው ጃኪ ሮቢንሰን ነው። ወጣት ነው፣ ኮሌጅ የቀመሰ ነው፣ ስድብ ይችላል ተብሎ ተመረጠ። ፔጅ ቅር እንዳለው ኋላ ራሱ ተናግሯል። ሃያ ዓመት ስታዲየም ሲሞላ ኖሮ “አንተ ቆይ” ሲባል ማን ቅር አይለው?

ጥሪው የመጣው በ1948፣ 42 ዓመት በሞላበት ዕለት ነው። የክሊቭላንዱ ባለቤት ቢል ቪክ አስፈረመው። ጋዜጦች ጮኹ። ስፖርቲንግ ኒውስ የተባለው ታዋቂ ጋዜጣ በዚህ ዕድሜ ሰው ማስፈረም ሊጉን ማዋረድ ነው ብሎ ጻፈ። የዕድሜ ነገር መቼም ለእኛ አገር ስፖርት አፍቃሪ አዲስ አይደለም፤ የፔጅም ዕድሜ የአገር መቀለጃ ነበር። እሱ ራሱ ልደቱ የተጻፈበትን መጽሐፍ ቅዱስ ፍየል በላችው እያለ ይቀልድ ነበር።

መልሱን በሜዳ ሰጠ። በዚያች ግማሽ የውድድር ዘመን 6 አሸንፎ በ1 ብቻ ተሸነፈ፤ በዘጠኝ ኢኒንግ የሰጠው አማካይ ነጥብ 2.48 ነው። ኦገስት 20 ማታ ክሊቭላንድ ላይ ሲወረውር 78,382 ሰው ገባ፤ ቺካጎ ዋይት ሶክስን 1 ለ 0 አሸነፈ። የማመንታት ኳሷንም ሊጉ ከለከለበት። ክሊቭላንድ የዓመቱ ሻምፒዮን ሆነ፤ ፔጅም በወርልድ ሲሪስ የወረወረ የመጀመሪያው ጥቁር ወርዋሪ ሆነ። የ42 ዓመት “ጀማሪ”!

እዚህ ላይ እኛን የሚነካ አንድ ነገር ላንሳ። በ1930ዎቹ ጣሊያን አገራችንን ስትወር የኢትዮጵያ ስም በዓለም ጋዜጦች ሁሉ ላይ ነበር። ያኔ ከሚያሚ የተነሳ አንድ የጥቁሮች የቤዝቦል ቡድን “ኢትዮጵያን ክላውንስ” የሚል ስም ያዘ። ክላውን ማለት አስቂኝ፣ ቀልደኛ ማለት ነው። ተጫዋቾቹ ፊታቸውን ቀለም ተቀብተው፣ አፍሪካዊ መሳይ የፈጠራ ስም ይዘው፣ ከጨዋታው ጋር ቀልድ ያቀርቡ ነበር። ለስማችን ክብር ነው ወይስ ማላገጫ? የጥቁሮቹ ሊግ መሪዎች ማላገጫ ነው አሉ። በ1943 ቡድኑ ሊጉን የተቀላቀለው “ኢትዮጵያን” የሚለውን ትቶ ነው። ኋላ ኢንዲያናፖሊስ ክላውንስ ተባለ። የሆም ረን ንጉሡ ሃንክ አሮን በ1952 የተነሳው ከዚሁ ቡድን ነው። በ1967 ደግሞ 60 ዓመት ያለፈው ሳቸል ፔጅ የዚህኑ ቡድን መለያ ለብሶ በየከተማው ይዞር ነበር። እንጀራ ፍለጋ ነው።

ጡረታ አልነበረውማ። የሜጀር ሊጉን ጡረታ ለማግኘት 158 ቀን ጎደለው። ለብዙ ቡድኖች ጻፈ፤ በ1968 አትላንታ ብሬቭስ በአሰልጣኝነት ስም አስፈርሞ ቀኑን ሞላለት።

ከዚያ በፊት በ1966 ቴድ ዊልያምስ፣ ነጭ ነው፣ ኩፐርስታውን በሚገኘው የቤዝቦል ታላላቆች መዘክር ሲገባ ባደረገው ንግግር ፔጅና ጊብሰንም አንድ ቀን እዚህ መግባት አለባቸው አለ። በ1971 ፔጅ ተመረጠ። መጀመሪያ የታሰበው ግን ለጥቁሮቹ ሊግ ሰዎች ለብቻው በሚዘጋጅ ክፍል ሊያስቀምጡት ነበር። እንዴ! ከሞት በኋላም መለያየት? ሕዝቡ ተቆጣ፣ ሐሳቡም ተሰርዞ ከሌሎቹ እኩል ገባ። ጁን 8 ቀን 1982 ካንሳስ ሲቲ ውስጥ አረፈ።

ሜጀር ሊግ ደግሞ በ2020 ከ1920 እስከ 1948 የነበሩት የጥቁሮች ሊጎች “ሜጀር” ነበሩ ብሎ አመነ። በ2024 ቁጥራቸው ወደ ዋናው መዝገብ ገባ፤ ጆሽ ጊብሰንም በ.372 የምት አማካይ የሁሉም ዘመን መሪ ሆነ። ፔጅም የተወሰነ ድል ተጨመረለት። በየመንደሩ የወረወራቸው፣ በዶሚኒካን የወረወራቸው፣ ከእነ ዲዚ ዲን ጋር የወረወራቸው ግን አይቆጠሩም። እሱ በሕይወት ሳለ ወደ 2,000 ጨዋታ አሸንፌያለሁ ይል ነበር። ያላመነ ይቁጠር።